የማዕረግና የደመወዝ አቤቱታችን ‹‹የዲሲፕሊን መላላት›› ተብሎ አይጻፍ፦ ለሠራዊት ታሪክ አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የቀድሞውን የኢትዮጵያ ጦር ሠራዊት ታሪክ በማዘጋጀት ላይ ለሚገኘው መሥሪያ ቤት
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሕዝብ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፤

በምታዘጋጁት መጽሐፍ ረቂቅ ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ከጠየቃችኋቸው ጡረተኛ መኮንኖች አንዱ ነኝ። ረቂቁን ዓይኔ በፈቀደልኝ መጠን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ዘመቻዎቹ፣ ስለ ጦር መሣሪያው፣ ስለ ውጭ አገር አሠልጣኞችና ስለ ሰልፍ ሥነ ሥርዓቱ በሰፊው ተጽፏል። ማዕረግ በምን መስፈርት ይሰጥ እንደነበር፣ ደመወዝ በምን ዓይነት አሠራር ይከፈል እንደነበርና በዚህ ሳቢያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲብላላ ስለኖረው ቅሬታ የሚናገረው ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሱም የተቀመጠው ‹‹የዲሲፕሊን መላላት›› በሚል ንዑስ ርእስ ሥር ነው።

እኔና ጓደኞቼ አንቀጹ እንዲታረም በጽሑፍ አመለከትን። መልሱ የመጣው በቃል ነው። የደመወዝ ነገር ለሠራዊቱ ክብር የማይመጥን ስለሆነ እንደማይብራራ፣ አንቀጹም ባለበት እንደሚታተም ተነገረን። ያ አንቀጽ በስም ባይጠራንም ስለ እኛ ነው። ማዕረጋችን ያለ አግባብ ታልፏል ብለን ያመለከትነውን፣ የዘገየ ደመወዛችንን የጠየቅነውን፣ ከሞቱ ባልደረቦቻችን ሚስቶች ጋር በየቢሮው የተንከራተትነውን ሰዎች በጅምላ ሥርዓት አጥ አድርጎ ለልጅ ልጆቻችን ያስተላልፋል። ጉዳዩን ወደ አደባባይ ለማውጣት የተገደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄያችን የገንዘብ ስስት አልነበረም። ደመወዙ ይበቃ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አይበቃም ነበር። ሰውን ያስመረረው ግን ማነሱ ብቻ ሳይሆን የሚሰፈርበት መስፈሪያ አንድ አለመሆኑ ነው። ለአንዱ በቁና፣ ለሌላው በጣሳ ሲሰፈር ያየ ሰው ‹‹ስንት ደረሰኝ?›› ብሎ ከመጠየቁ በፊት ‹‹በምን ሰፈራችሁልኝ?›› ብሎ ይጠይቃል። እኛም የጠየቅነው ይህንኑ ነው። ዝርዝሩን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መደበኛው ጦር እንደ አዲስ ሲቋቋም ወደ መኮንንነት የሚያስገባው በር ብዙ ነበር፤ በሮቹን የሚያስተካክል ሕግ ግን አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን ጠባቂ ጦር ክብር ዘበኛን ቤልጅጎች ያሠለጥኑ ነበር፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ወጣቶቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከእነርሱ መካከል በወለጋ በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ የተሰለፉ አሉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረ ሰው እየታደነ ሲገደል ያለቁም አሉ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አዲሱን ጦር ለመገንባት የተሰበሰቡት ሰዎች እንግዲህ በአንድ መንገድ የመጡ አልነበሩም። ከሆለታ የተረፉ ጥቂቶች ነበሩ፤ አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጉ አርበኞች ነበሩ፤ ከስደት የተመለሱ ነበሩ፤ በጣሊያን ጦር ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተው ዘመናዊ መሣሪያ የሚያውቁም ነበሩ። ከጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ማሠልጠን ሲጀምር ደግሞ ሌላ ሚዛን ተጨመረ።

የማዕረግ ስሞቻችንም ነገሩን ይበልጥ አወሳሰቡት። ሻለቃ፣ ሻምበል፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ የሚሉት ቃላት በአዲሱ ጦር የተፈጠሩ አይደሉም፤ አባቶቻችን በየጦራቸው ሲጠሩባቸው የኖሩ ናቸው። አዲሱ ጦር ስሞቹን ወርሶ በአውሮፓ የማዕረግ መሰላል ላይ ደለደላቸው። ስለዚህ አንዱ ሻለቃ ተከታዮቹ በጦር ሜዳ የሰየሙት ሰው ሲሆን፣ ሌላው ሻለቃ ደግሞ የታወቀ ደመወዝና የታወቀ የሰው ኃይል ያለው የሻለቃ ጦር አዛዥ ነበር። ከዚህም በላይ ፊታውራሪው፣ ቀኛዝማቹ፣ ግራዝማቹና ባላምባራሱ ከኮሎኔሉና ከሻምበሉ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ማን ለማን ሰላምታ ይስጥ የሚለው ጥያቄ ላልኖረበት ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል። ለኖረበት ሰው ግን ትእዛዝ የሚቀበልበትና የሚሰጥበት ጉዳይ ነው፤ በወሩ መጨረሻም የደመወዝ ጉዳይ ነው።

እኔ በ1954 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቴ ስቀጠር የሥልጠና አለቃዬ የነበረው ሃምሳ አለቃ በአርበኝነት ዘመኑ ከመቶ የማያንሱ ሰዎችን መርቷል። ሜዳሊያውን በበዓል ቀን ሲያደርግ አይቻለሁ። ጦሩ ሲቋቋም ግን በተራ ወታደርነት ተመዘገበ፤ የሥራ ልምዱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስላልነበረው። በአንጻሩ የጣሊያን ጦር የሥልጠና ወረቀት ይዞ የመጣ ባልደረባው በዚያው ወረቀት የበታች ሹም ሆኖ ተቀጠረ። ሃምሳ አለቃው ይህን ሲነግረን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ‹‹የተዋጋሁት ሳልጽፍ ነው›› ብቻ ይል ነበር። ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ በኋላም ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው አንድ አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ሲታዘዝ እርሱም ማዘዣ ደርሶት ነበር። ይሁን እንጂ ባዶ የመንግሥት መሬት ፈልጎ ማግኘት፣ ማስለካትና በስሙ ማዞር የባለ ማዘዣው ድርሻ ስለነበር፣ ፈቃድ በዓመት አንዴ የሚያገኝ ወታደር ከየወረዳው ጸሐፊ ጋር ሊከራከር የሚችልበት ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም። ያ ማዘዣ በደረት ኪሱ እንደታጠፈ ጡረታ ወጣ። ረቂቃችሁ የመሬት ስጦታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶታል፤ ማን እንዳገኘውና ማን እንዳላገኘው ግን አይናገርም።

ሁለተኛ፤ ክብር ዘበኛና ክፍለ ጦር የምንለው መደበኛው ምድር ጦር አንድ ሰንደቅ ዓላማ ይዘው በሁለት ዓይን ይታዩ ነበር።

ክብር ዘበኛ ከ1930ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በስዊድን መኮንኖች ሠልጥኖ፣ በልብሱም በሰፈሩም የተሻለ ሆኖ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ይኖር ነበር። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች በአብዛኛው የተውጣጡት ከእርሱ ነው። በኮሪያ 121 ወገኖቻችን ወድቀዋል፤ እነርሱን በሚመለከት ከአፌ የሚወጣ የቅሬታ ቃል የለም። ቅሬታው የነበረው የጦር ሜዳ ልምድ፣ ሽልማትና ከዚያ ጋር የሚመጣው እድገት በአንድ ወገን ሲከማች፣ በየጠረፉ ሽፍታ ሲከላከል የነበረው የክፍለ ጦር መኮንን አገልግሎት በምን እንደሚመዘን የሚናገር ባለመኖሩ ነው። የትምህርት ቤት ልዩነት ነው እንዳይባል፣ ክብር ዘበኛን ለረጅም ጊዜ የመሩት ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ራሳቸው የሆለታ ዕጩ መኮንን የነበሩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ግንብ የሠራው የትምህርት ቤቱ ስም ሳይሆን አያያዙ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው ክብር ዘበኛ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክር ክፍለ ጦሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆሞ ሙከራውን አከሸፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ረቂቃችሁ ጨርሶ ዘሎታል፤ እኔ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያው ዓመት የክፍለ ጦሩ ወታደሮች ደመወዝ እንዲጨመርላቸው በሰልፍ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ፤ ተጨመረላቸውም። የተቀጠርኩት ከዚህ በኋላ በመጣው ዓመት ስለሆነ በየጦር ሰፈሩ የሚወራውን ወሬ በደንብ አስታውሳለሁ። አዲስ ምልምሎች ከመሣሪያ አፈታትና አገጣጠም እኩል የተማርነው ያንን ታሪክ ነበር። በማዕረግ ተዋረድ፣ ከመቶ አለቃ ወደ ሻምበል፣ ከሻምበል ወደ ሻለቃ የሚሄድ አቤቱታ የሆነ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር፣ በእግር የሚሄድ አቤቱታ ግን እንደሚሰማ ሁሉም ሰው ተማረ። ይህን ያስተማረው ወታደሩ አይደለም። ለጽሑፍ ዝም ብሎ ለሰልፍ የመለሰው ክፍል ነው ያስተማረው። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1966 ዓ.ም. ለተከሰተው ነገር መነሻ የሚፈልግ የታሪክ ጸሐፊ ይህን ገጽ ዘሎ ወደየት እንደሚሄድ አይገባኝም።

ሦስተኛ፤ የሆለታና የሐረር መኮንኖች የቀደምትነት ጉዳይ ነው።

በ1950 ዓ.ም. የሐረር ጦር አካዳሚ በህንድ መኮንኖች መሪነት ሥራ ሲጀምር ትምህርቱ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ዕጩዎቹም በትምህርታቸው ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። ሆለታ ደግሞ ከጦሩ ውስጥ የተመረጡ የበታች ሹሞችን በአጭር ኮርስ ያስመርቅ ነበር። ሁለቱም በትከሻቸው ላይ አንድ ኮከብ አድርገው ምክትል መቶ አለቃ ተብለው ይወጡ ነበር። እኔ በ1962 ዓ.ም. ከሆለታ ስመረቅ የስምንት ዓመት የሠራዊት አገልግሎት ነበረኝ፤ በአንድ ሻምበል ውስጥ አብሮኝ የተመደበው የሐረር ምሩቅ የሦስት ዓመት የአካዳሚ ትምህርት ነበረው። ጥሩ ሰውና ጥሩ መኮንን ነበር፤ ካርታ ማንበብን በሚገባ የተማርኩት ከእርሱ ነው፤ እርሱም ወታደርን ማነጋገር ከእኔ እንደተማረ ይናገር ነበር። ሁለታችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ከሁለታችን ቀዳሚው ማን ነው? ስምንቱ ዓመት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የሦስት ዓመት ትምህርት ስንት የአገልግሎት ዓመት ይተካል? ለብርጌዳችን አመለከትን። ብርጌዱ ወደ በላይ መራው። መልስ አልመጣም። የእድገቱ ጊዜ ሲደርስ እርሱ አለፈ፣ እኔ ቀረሁ፤ በተከታዩ ዙር ደግሞ ከእርሱ ጋር የተመረቁ ሁለት ሰዎች ቀርተው ከእኔ ኋላ የተመረቀ የሆለታ ሰው አለፈ። ለሁለቱም ውሳኔ የተሰጠ ምክንያት አልነበረም።

ምክንያት ያልተሰጠው ውሳኔ ሲደጋገም ሰው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል። የሆለታው ሰው ‹‹ያልተማርን ብለው ናቁን››፣ የሐረሩ ሰው ‹‹በዘመድና በአገር ልጅነት በለጡን›› ማለት ጀመረ። በአንድ ምግብ ቤት አብረን እየበላን በሁለት ጠረጴዛ ተከፈልን። ያ መከፋፈል በኋላ በደርግ ውስጥ ምን እንዳስከተለ የምታውቁት ስለሆነ አልዘረዝረውም።

አራተኛ፤ የደመወዙ አሠራር ራሱ።

ይህን ነጥብ አጥብቄ የማነሣው ረቂቃችሁ የደመወዝ መጠንን እንጂ አከፋፈሉን አንድም ቦታ ስለማይነካ ነው። በእኔ ዘመን የእድገት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ተጽፎ ጠረፍ ላይ ላለ ጦር እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ነበር። ኮከቡን የምንጨምረው ደብዳቤው በደረሰ ቀን ነው፤ ደመወዙም የሚታሰበው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነበር። በአንድ ቀን የተጻፈ እድገት ለአዲስ አበባው መኮንን በሳምንቱ፣ ለጠረፉ መኮንን በአምስተኛው ወር ይደርሳል። መንገዱ በዝናብ በመቆረጡ የጠፋውን የአምስት ወር ልዩነት እንዲከፈለን ስናመለክት ‹‹ላልሠራችሁበት ማዕረግ አይከፈልም›› ተባልን። በዚያው ጊዜ ደግሞ ምክትል መቶ አለቃ ሆኜ ሻምበል ጦር በተጠባባቂነት ለሁለት ዓመት ያህል መርቻለሁ፤ ለሠራሁበት ኃላፊነት የተከፈለኝ አበል አልነበረም። ያልያዝኩት ማዕረግ ሲሆን ሥራው እንጂ ማዕረጉ አይቆጠርም፤ የያዝኩት ማዕረግ ሲሆን ማዕረጉ እንጂ ሥራው አይቆጠርም። ሁለቱ አሠራሮች አብረው ሊቆሙ እንደማይችሉ በጽሑፍ ገልጬ ነበር፤ የማመልከቻው ቅጂ ዛሬም በእጄ ይገኛል።

ከፋዩ ሣጥኑን ይዞ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ የሚነበበው ዝርዝር ደመወዝን ብቻ ሳይሆን ተቀናሹንም የያዘ ነበር። የቀለብ፣ የጠፋ ዕቃ፣ የተቀደደ ልብስ ይቆረጣል። ተቀናሹ ለምን እንደተቆረጠ የጠየቀ ወታደር ተራው እንዲያልፈው ይደረግና ከሁሉ በኋላ ይጠራ ነበር። ብዙዎቹ መፈረም ስለማይችሉ በአውራ ጣት ያትሙ ነበርና፣ ያተሙበትን ቁጥር ያነበበላቸው የመቶ አለቃቸው ወይም የሻምበሉ ጸሐፊ ነበር። እነዚያ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሮች በየክፍሉ መዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። የተረፉት ዛሬ የት እንዳሉ ከእናንተ በላይ ሊያውቅ የሚችል የለም።

አምስተኛ፤ የእኛ የመኮንኖቹ በደል።

ይህን ነጥብ ካላነሣሁ ደብዳቤዬ የአንድ ወገን ክስ ይሆናል። በማዕረግና በደመወዝ ጉዳይ እኛ በበላዮቻችን ላይ ያቀረብነው ቅሬታ ሁሉ፣ ወታደሩ በእኛ ላይ ሊያቀርበው የሚችል ነበር። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች ያመፁት የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ በመከልከላቸውና በምግባቸው ብልሽት ነው። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጉ። ይህን ስንሰማ እኔ ሌላ ጠረፍ ላይ መቶ አለቃ ነበርኩ። እኛም ሰፈር የመኮንኖች ውኃ የተለየ ነበር። ያን ቀን ማታ ከሻምበሉ አዛዥ ጋር ተነጋግረን በርሜሎቹን ወደ ወታደሩ ሰፈር አዛወርን። ለምን ከዓመት በፊት እንዳላደረግነው የጠየቀን አንድ የበታች ሹም ነበር፤ የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። መጽሐፋችሁ የነገሌን ወታደሮች በዲሲፕሊን ጉድለት ሲከስስ፣ ውኃውን ለይተን የጠጣነውን መኮንኖች የሚጠራበት ስም የለውም። ስም ይሰጠን፤ ይገባናል።

ከነገሌ በኋላ በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ የካቲት 18 ቀን ደግሞ በአሥመራ የሁለተኛው ክፍለ ጦር ወታደሮችና የበታች ሹሞች ተነሡ፤ የደመወዝ ጥያቄ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። መንግሥት እንደ 1953ቱ ሁሉ ጭማሪ አደረገ። በየካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተወከሉት የደርግ አባላት ሲሰበሰቡ ውክልናው ከሻለቃ በታችና ሻለቃ ለሆኑ እንጂ ከዚያ በላይ ማዕረግ ላላቸው አልነበረም። ይህ አንድ እውነታ ብቻውን ሙሉ ምዕራፍ ይገባው ነበር። አንድ ሠራዊት ከሻለቃ በላይ ያለውን መኮንኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከወኪልነት ያስወጣው ሰዎቹ ሁሉ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ መልካም አዛዦች እንደነበሩ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ወታደሩ ያ ማዕረግ በሥራ ይገኛል ብሎ ማመን በማቆሙ ነው። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለ ሥልጣኖች መካከል ጄኔራሎች ነበሩ። ደመወዙን የጠየቀ ወታደር ይህን አልጠየቀም። ረቂቃችሁ የጥርን ጥያቄና የኅዳርን ግድያ በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ ርእስ ሥር ማስቀመጡ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ነገር ነው።

ስድስተኛ፤ የሟቾቹ ማዕረግ።

በ1955 ዓ.ም. የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 ሲወጣ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። የጡረታ አበል የሚሰላው በደመወዝና በአገልግሎት ዘመን በመሆኑ ግን በማዕረግ ላይ የተሠራ ስሕተት ሁሉ ወደ ጡረታው ተሻገረ፤ ከሰውዬውም ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ። አንድ ባልደረባዬ ለመቶ አለቅነት ያደገበት ደብዳቤ በመንገድ ላይ ሳለ በጠረፍ ግጭት ሞተ። ደብዳቤው የደረሰው ከቀብሩ ከአራት ወር በኋላ ነው። ኮከቡን ስላላደረገ በመዝገብ ላይ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ቀረ፤ የባለቤቱም አበል በዚያው ተሰላ። ደብዳቤውን ይዛ ለዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ተመላልሳለች፤ ሁለት ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ። በመጨረሻ ‹‹ሟቹ እድገቱን አልተረከበም›› የሚል መልስ ተሰጣት። ዛሬ እርሷም በሕይወት የለችም። በረቂቃችሁ አባሪ ላይ ባለው የሰማዕታት ዝርዝር የባልዋን ስም አግኝቼዋለሁ፤ ማዕረጉ ምክትል መቶ አለቃ ይላል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ስለ ማዕረግና ደመወዝ የተጻፈው አንቀጽ ‹‹የዲሲፕሊን መላላት›› ከሚለው ርእስ ወጥቶ ራሱን የቻለ ምዕራፍ እንዲሆን፤ ምዕራፉም ከነፃነት በኋላ ከነበረው የማዕረግ አሰጣጥ ጀምሮ የ1953ቱን የደመወዝ ሰልፍና የነገሌን ጉዳይ በየራሳቸው ቦታ እንዲያስቀምጥ።

በየመዝገብ ቤቱ የቀሩ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሮች፣ የእድገት መዝገቦችና የግል ማህደሮች ተሰብስበው እንዲጠበቁና ለተመራማሪ ክፍት እንዲሆኑ። እርጥበትና አይጥ ያልጨረሳቸው ካሉ ጊዜ አይሰጡም።

ምስክርነት የምትሰበስቡት ከከፍተኛ መኮንኖች ብቻ ስለሆነ፣ በሕይወት ያሉ የበታች ሹሞች፣ ተራ ወታደሮችና የሟች ሚስቶች ቃላቸው እንዲቀረጽ። ከእኔ ጋር ከተቀጠሩት ውስጥ የማውቃቸው በሕይወት ያሉ አራት ናቸው፤ አንዱ መስማት ተስኖታል፤ ሦስቱ ግን በደንብ ይናገራሉ፤ ባሉበት ሄዳችሁ ልታገኟቸው ትችላላችሁ፤ እኔ አደርሳችኋለሁ።

በሰማዕታት ዝርዝሩ ላይ እድገታቸው ጸድቆ ሳይደርሳቸው የሞቱ መኮንኖችና ወታደሮች በጸደቀላቸው ማዕረግ እንዲመዘገቡ። ለዚህ የምንጠይቀው ገንዘብ የለም። ተቀባዮቹ አልፈዋል፤ የሚታረመው በመጽሐፉ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው።

ለዚህ ደብዳቤ የምትሰጡት መልስ በጽሑፍ እንዲሆን።

በበኩሌ ሦስት የእድገት ደብዳቤዎቼን፣ ስለ ተጠባባቂነት አበል ያቀረብኩትን ማመልከቻ ቅጂና ከላይ የጠቀስኳት ሴት ከመሞቷ በፊት በአደራ የሰጠችኝን የባልዋን የመቶ አለቅነት ደብዳቤ በፖስታ አድርጌ አዘጋጅቻለሁ። በሥራ ሰዓት ይዤ እመጣለሁ፤ የሚረከበኝ ሰው ቁጥር ሰጥቶና ፈርሞ እንዲረከበኝ እጠይቃለሁ።

ከወታደራዊ ሰላምታ ጋር

በ1954 ዓ.ም. በተራ ወታደርነት ተቀጥሮ በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በኩል ለመኮንንነት የበቃ ጡረተኛ የእግረኛ ጦር መኮንን፤ በራሱና በረቂቁ ላይ አብረውት ባመለከቱ ጡረተኛ መኮንኖች ስም